ዘግይቶ በቀረበ አቤቱታና በአንድ ምስክር ቃል ላይ የተመሠረተ የጥፋተኝነት ውሳኔን በይግባኝ ማሳረም፦ ዝርዝር መመሪያ

በጾታዊ ጥቃት ጥፋተኛ የተባለ ሰው ቤተሰብ ባሕር ዳር ከሚገኝ የጠበቃ ቢሮ ሲገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ደረሰብኝ ካለችው ቀን ዓመት አልፎ ነው የከሰሰችው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ያየ ሰው የለም፤ ከእሷ ቃል በቀር ማስረጃ አልቀረበም» የሚል ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን እንዳሉ ተገልብጠው ወደ ይግባኝ ማመልከቻ ቢገቡ፣ ውሳኔ የሚያስለውጡ ምክንያቶች አይደሉም። ውሳኔ የሚለወጠው የሥር ፍርድ ቤት (መጀመሪያ የፈረደው ፍርድ ቤት) ያንን ዘግይቶ የመጣ ቃል ለምን እንዳመነው በጽሑፍ ያልመለሰው ጥያቄ ከመዝገቡ ውስጥ ተለይቶ ሲወጣ ነው። ይህ መመሪያ ያንን ጥያቄ እንዴት ፈልጎ ማግኘትና ማቅረብ እንደሚቻል ያስረዳል።

ቀደም ሲል በዐቃቤ ሕግነት፣ ኋላም በጥብቅና በዚሁ ዓይነት ጉዳይ በሁለቱም ወገን ቆሜያለሁ። ጥቃት ደርሶባት ለመናገር ዓመታት የወሰደባትን ልጅ አይቻለሁ፤ ባልሠራው ወንጀል የታሰረን ሰውም አይቻለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚገኘው ምክር አቤቱታ አቅራቢን ለማዋረድ የሚያገለግል አይደለም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ይግባኝ ከሁሉ በፊት የሚወድቀው በማዋረድ ላይ ሲመሠረት ነው።

ሕጉ ምን ይላል፣ ምን አይልም

ከሁሉ አስቀድሞ መወገድ ያለበት የተሳሳተ እምነት «አንድ ምስክር አይበቃም» የሚለው ነው። በአገራችን የወንጀል ክርክር ስንት ምስክር መቅረብ እንዳለበት የሚወስን ጠቅላላ ደንብ የለም፤ በጾታዊ ወንጀል የተበዳይ ቃል በሌላ ማስረጃ ካልተደገፈ ዋጋ የለውም የሚል ድንጋጌም የለም። ፍርድ ቤት የአንዲትን ምስክር ቃል ከመረመረና ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ካመነበት በእሱ ብቻ ጥፋተኛ ማለት ይችላል። ይህ ወንጀል በባሕርዩ ሰው በሌለበት የሚፈጸም በመሆኑ፣ ሕጉ ከዚህ የተለየ ቢሆን ኖሮ አብዛኞቹ እውነተኛ ጉዳዮች ገና ከመነሻው በወደቁ ነበር።

ሁለተኛው የተሳሳተ እምነት መዘግየትን ከይርጋ፣ ማለትም ካለፈ ክስ ማቅረብ ከማይቻልበት የጊዜ ገደብ፣ ጋር ማደባለቅ ነው። የ3 ወር የጊዜ ገደብ ያለው በግል አቤቱታ ብቻ ለሚያስከስሱ ወንጀሎች ሲሆን፣ አስገድዶ መድፈር ከእነሱ ውስጥ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ንዑስ አንቀጽ 1 መሠረት ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣው ይህ ወንጀል፣ በአንቀጽ 217 የይርጋ ጊዜው 20 ዓመት ነው። ስለዚህ የ8 ወር ወይም የ3 ዓመት መዘግየት ክሱን አያስቀርም። መዘግየት የሚያገለግለው የምስክርን ተአማኒነት ለመመዘኛ ብቻ ነው፤ በዚህም ቢሆን ከሌሎች ሁኔታዎች ጋር ተያይዞ እንጂ ብቻውን አይደለም።

ታዲያ ለይግባኝ የሚቀረው ምንድን ነው? የቀረው ብዙ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ተከሳሽ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው፣ ንዑስ አንቀጽ 6 ደግሞ ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ (በአጭሩ ወ/መ/ሥ/ሥ/ሕ) አንቀጽ 149 ፍርድ ሲጻፍ የማስረጃው ፍሬ ነገርና ማስረጃው ተቀባይነት ያገኘበት ወይም ያጣበት ምክንያት እንዲሰፍር ያስገድዳል። ማስረጃው አንድ ሰው ብቻ ሲሆንና ቃሉም ዘግይቶ ሲመጣ፣ ይህ ምክንያት የመስጠት ግዴታ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። የይግባኙ ዋና በር ይህ ነው።

ቀን መቁጠር

በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ የመጠየቅ ማስታወቂያ ፍርዱ ከተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ፣ የይግባኝ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ቅጣቱ በተነገረበት ዕለት፣ ከችሎት ሳይወጡ፣ ይግባኝ እንደሚጠየቅ ማስመዝገብና የውሳኔ ግልባጭ ይሰጠኝ የሚል ማመልከቻ ለመዝገብ ቤቱ ማስገባት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ነው። የገባበት ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጅ መቅረት አለበት፤ ግልባጩ የተወሰደበት ቀንም እንዲሁ በግልባጩ ላይ መመዝገቡን ያረጋግጡ። ታራሚው ራሱ ከታሰረበት ሆኖ በማረሚያ ቤቱ በኩል ማመልከቻ ማስገባት ስለሚችል፣ ቤተሰብ ገንዘብ እስኪያሰባስብ ወይም ጠበቃ እስኪያገኝ ድረስ ቀኑ እንዲያልፍ መፍቀድ አያስፈልግም።

ከሐይቁ ማዶ ካሉ ቀበሌዎች የሚመጡ ሰዎች ሽማግሌ ልከው፣ እህል ሸጠው፣ ጀልባ ጠብቀው ቢሮ ሲደርሱ 15ቱ ቀን አልፎ ያገኘኋቸው ጊዜ አለ። እንዲህ ሲሆን በአንቀጽ 191 መሠረት የማስፈቀጃ ማመልከቻ ማቅረብ ይቻላል፤ ሆኖም መዘግየቱ በይግባኝ ባዩ ጥፋት አለመሆኑን ማሳየት ግዴታ ነው። የሕመም ማስረጃ፣ ግልባጭ የዘገየበትን የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም የማረሚያ ቤት ማረጋገጫ ከማመልከቻው ጋር ካልተያያዘ «ሳላውቅ ቀረሁ» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም።

የሚቀርብበት ቦታ ግልጽ ነው። በወረዳ ፍርድ ቤት የተፈረደ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በከፍተኛ ፍርድ ቤት የተፈረደ ባሕር ዳር ለሚገኘው የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የጠበቃ አቅም የሌለው ሰው በመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲወከል ሊጠይቅ ይችላል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

መዝገቡን በሙሉ ማግኘት

የውሳኔው ግልባጭ ብቻውን አይበቃም። የሚያስፈልገው የክሱ ማመልከቻ፣ የተበዳይዋና የሌሎች ምስክሮች የፖሊስ ቃል፣ በችሎት የተሰጠው ቃል በሙሉ (ዋና ጥያቄ፣ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ድጋሚ ጥያቄና የፍርድ ቤቱ ማጣሪያ ጥያቄ)፣ የሕክምና ማስረጃው፣ «ይከላከል» የተባለበት ብይን፣ የመከላከያ ምስክሮች ቃል፣ የማጠቃለያ ንግግሮችና የቅጣት አስተያየቱ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ምክንያቱን ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ይግባኙ የሚገኘው ቤተሰቡ «እሱ እንኳ አስፈላጊ አይደለም» ብሎ ከተወው ወረቀት ውስጥ ነው።

ከዚያ አንድ ትልቅ ወረቀት በአራት ዓምድ ይከፋፍሉ። በመጀመሪያው ዓምድ ጭብጦቹን ይጻፉ፤ መቼ፣ የት፣ እንዴት፣ ኃይል ወይም ማስፈራራት ነበር ወይ፣ በአካባቢው ማን ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማን ነገረች፣ ለምን ያኔ ነገረች። በሁለተኛው ለፖሊስ የተባለውን፣ በሦስተኛው በችሎት የተባለውን፣ በአራተኛው ውሳኔው ስለዚያ ነጥብ የሚለውን በገጽ ቁጥር ያስፍሩ። አራተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ የቀረበት ቦታ ሁሉ ሊሠራበት የሚችል ነጥብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሥነ ሥርዓት ነጥብ አለ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 መሠረት ምስክር ለፖሊስ የሰጠችው ቃል በተከሳሽ ጥያቄ ተጠቅሶ ተአማኒነቷን ለመፈተኛ ሊያገለግል ይችላል። በሥር ፍርድ ቤት ጠበቃው ይህን ጠይቆ ፍርድ ቤቱ ካልፈቀደ፣ ክልከላው ራሱ የይግባኝ ምክንያት ነው፤ በአንቀጽ 184 በጊዜው ይግባኝ ሊባልበት ባይችልም ከመጨረሻው ፍርድ ጋር ሊነሣ ይችላልና። ጠበቃው ጨርሶ ካልጠየቀ ግን ነጥቡ ይዳከማል፤ ይግባኝ ሰሚው «በሥር ለምን አላነሣችሁም?» ብሎ ይጠይቃልና ለዚህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ ያዘጋጁ።

ልዩነት ሁሉ እኩል አይደለም። የለበሰችው ቀሚስ ቀለም፣ በሩን ማን እንደከፈተ፣ ሰዓቱ ስምንት ይሁን ዘጠኝ ከዓመት በኋላ መለዋወጡ የሰው ልጅ ማስታወስ ባሕርይ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አሥር ተቆጥሮ ቢቀርብ ጠንካራውን አንዱን ይሸፍነዋል። የሚመዘነው ስለ ድርጊቱ ዓይነት፣ ስለ አድራጊው ማንነት፣ ስለ ቦታውና ስለ ወቅቱ ያለ ልዩነት ነው።

መዘግየቱን መመርመር

ዳኞች ከልምድም ከጥናትም እንደሚያውቁት ጥቃት የደረሰባቸው ብዙ ሰዎች ወዲያው አይናገሩም። ፍርሃት፣ ኀፍረት፣ ማስፈራሪያ፣ አድራጊው ቤተሰብን የሚያስተዳድር ሰው መሆኑ፣ «ባል አታገኝም» የሚል ሥጋት፣ ነገሩ በሽምግልና እንዲያልቅ የተደረገ ግፊት፣ ሁሉም የታወቁ ምክንያቶች ናቸው። ስለዚህ «እውነት ቢሆን ኖሮ ወዲያው ትጮህ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር ከማመልከቻው ውስጥ መውጣት አለበት። እኔ በግሌ ይህን ዐረፍተ ነገር የያዘ ረቂቅ ስቀበል መጀመሪያ የምሰርዘው እሱን ነው፤ ስህተት ከመሆኑም በላይ ዳኛው የቀረውን በበጎ ዓይን እንዳያነብ ያደርጋል።

መቅረብ ያለባቸው ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ምስክሯ የዘገየችበትን ምክንያት ተጠይቃ ተናግራለች ወይ? የተናገረችው ምክንያት ከሌላው ማስረጃ ጋር ይስማማል ወይ? ለምሳሌ «ያስፈራራኝ ስለነበር ዝም አልኩ» ካለችና ተከሳሹ በእነዚያ ወራት ውስጥ ከአካባቢው ርቆ ይኖር እንደነበር የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ራሳቸው ከተናገሩ፣ ፍርድ ቤቱ ይህን ማስታረቅ ነበረበት። ለመናገር የተነሣችበት አጋጣሚስ ምን ነበር? በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል የመሬት፣ የውርስ ወይም የጋብቻ ክርክር በተነሣ በሳምንቱ አቤቱታው ከቀረበ ይህ ሊነሣ የሚገባው ነው፤ ግን በመስቀለኛ ጥያቄ ለምስክሯ ቀርቦላት ከነበረና የሰነድ ማስረጃ ካለው ብቻ ነው። በሥር ፍርድ ቤት ያልተጠየቀችውን ክፉ ሐሳብ በይግባኝ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መለጠፍ ፍትሐዊም ጠቃሚም አይደለም።

ከሁሉ በላይ ክብደት ያለው ግን መዘግየቱ በመከላከል መብት ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው። ቶሎ ቢከሰስ ኖሮ ሊቀርብ ይችል የነበረው ምን ጠፋ? የሞተ ምስክር፣ የተደመሰሰ የስልክ መረጃ፣ የፈረሰ ቤት፣ የተጣለ የሥራ መዝገብ ካለ በስምና በሰነድ ይጠቀስ። ይህ አቀራረብ ምስክሯን ሐሰተኛ ናት ሳይል፣ ፍርድ ቤቱ ጥርጣሬን ለተከሳሽ የሚተረጉምበትን ምክንያት ይሰጠዋል።

ደጋፊ የተባለው በእርግጥ ይደግፋል ወይ?

ውሳኔዎች ብዙ ጊዜ «የ1ኛ ምስክር ቃል በ2ኛ፣ በ3ኛና በ4ኛ ምስክሮች ተደግፏል» ይላሉ። ሲገለጥ እናቷ፣ ጓደኛዋና መምህርቷ ሁሉም «እሷ ነገረችን» ያሉ ናቸው። አንድ ምንጭ ሦስት ጊዜ ቢቀዳ ሦስት ምንጭ አይሆንም። የሰማ ምስክር ስለ ድርጊቱ ራሱን የቻለ ማስረጃ አይደለም፤ ነገር ግን ስታለቅስ አይቻታለሁ፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ትምህርት አቋረጠች፣ እሱን ስታይ ትሸሽ ነበር ያለ ምስክር በዓይኑ ያየውን ስለሚናገር ቃሉ የተለየ ክብደት አለው። ይግባኙ ሁለቱን ሳይለይ «ሁሉም ስሚ ስሚ ነው» ካለ መልስ ሰጭው ዐቃቤ ሕግ በቀላሉ ይረታዋል።

የሕክምና ማስረጃው የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሰውነት የሚወሰድ ናሙና ጠቃሚ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለምዶ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሆን፣ ከወራት በኋላ የተደረገ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው «የቆየ የድንግል መቀደድ» የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የሴቶችና የሰብአዊ መብት ተቋማት ጋር በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መግለጫ፣ የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው አስታውቋል። እንዲህ ያለ ግኝት ድርጊቱ መቼ እንደተፈጸመ፣ በኃይል ይሁን አይሁን፣ በማን እንደተፈጸመ አይናገርም። ውሳኔው ወረቀቱን «ተከሳሽ ድርጊቱን መፈጸሙን ያረጋግጣል» ብሎ ከጠቀሰው ከማስረጃው በላይ ድምዳሜ ወስዷል፤ ይህ ጠንካራ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል «ጉዳት አልተገኘም» የሚል ወረቀት ድርጊቱ አለመፈጸሙን አያረጋግጥምና ይግባኝ ባዩም በተራው ከማስረጃው በላይ መሄድ የለበትም። ሐኪሙ በችሎት ቀርቦ ተጠይቆ እንደሆነም ይመልከቱ፤ ግኝትና የሐኪም አስተያየት የተለያዩ ናቸው።

ዕድሜ የክሱ አካል በሆነበት፣ ማለትም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ንዑስ አንቀጽ 2፣ በአንቀጽ 626 ወይም 627 በተከሰሰ ሰው ጉዳይ፣ ዕድሜው በምን እንደተረጋገጠ ይጣራ። በጣና ዳርቻ ገጠሮች እናቶች የልደት ቀንን በክርስትና ቀን፣ በሴት ልጅ 80ኛ ቀን፣ አስልተው ይመሰክራሉ፤ ይህ ታማኝ ዘዴ ሊሆን ይችላል፤ ከትምህርት ቤት መዝገብ ወይም ከክትባት ካርድ ጋር ሲጋጭ ግን ፍርድ ቤቱ የቱን ለምን እንደመረጠ መግለጽ አለበት።

ጊዜና ቦታ

ዘግይተው የሚቀርቡ ክሶች «ቀኑ በውል ባልታወቀ» በሚል ሐረግ ይጀምራሉ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 111 እና 112 ክስ ጊዜውንና ቦታውን፣ ተከሳሽ የተከሰሰበትን ነገር በሚገባ ለማወቅ በሚያስችለው ዝርዝር እንዲገልጽ ያዛል። ቀን አለመታወቁ ብቻውን ክሱን አያበላሽም፤ መቃወሚያውም በአንቀጽ 130 መሠረት መነሣት የነበረበት ገና ክሱ እንደተነበበ ነው። ሆኖም ክሱ የሚሸፍነው ጊዜ በጣም ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ «ሌላ ቦታ ነበርኩ» ማለት ራሱ የማይቻል ከሆነ፣ ይህንን ከመከላከል መብት ጋር አያይዞ ማቅረብ ይገባል።

አንዳንዴ መሬቱ ራሱ ይመሰክራል። ለምሳሌ ያህል ምስክሯ ድርጊቱ የተፈጸመው በመስከረም መጀመሪያ፣ በፎገራ ወይም በደንቢያ በኩል ባለ ባሕር ሸሽ መሬት ላይ፣ በደረሰ የሽምብራ ማሳ ውስጥ ነው አለች እንበል። የጣና ውኃ ከፍ የሚለው ከክረምቱ መውጫ፣ ከመስከረምና ከጥቅምት ገደማ ነው፤ ባሕር ሸሽ መሬት የሚዘራው ውኃው እየሸሸ ሲሄድ ስለሆነ በመስከረም መጀመሪያ በዚያ ቦታ የደረሰ ሽምብራ አይኖርም። ይህ ጥቃቅን ልዩነት አይደለም፤ ወይ ወቅቱ ወይ ቦታው ስህተት ነው። ሆኖም ፍርድ ቤት ይህን በራሱ ዕውቀት እንዲያውቅ አይጠበቅም። የቀበሌ አስተዳደር ወይም የግብርና ባለሙያ ማስረጃ ከሥር መዝገብ ውስጥ ከሌለ፣ በአንቀጽ 194 ተጨማሪ ማስረጃ እንዲሰማ መጠየቅና በሥር ያልቀረበበትን አሳማኝ ምክንያት ማስረዳት ያስፈልጋል። ደግሞም ሴቲቱ ወሩን ብቻ ተሳስታ ሊሆን ይችላልና፣ የይግባኙ ክርክር «ዋሽታለች» ሳይሆን «ፍርድ ቤቱ ይህንን ሳያጣራ ጥፋተኛ ሊል አይገባም ነበር» መሆን አለበት።

የመከላከያ ማስረጃው የት ደረሰ?

በውሳኔው ውስጥ «ተከሳሽ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ስላላስተባበለ» የሚለውን ሐረግ ይፈልጉ። በአንቀጽ 141 እና 142 አሠራር መሠረት ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ መከላከል የሚያስፈልገው መሆኑን ይወስናል፤ ይህ ብይን ተሰጠ ማለት ግን የማስረዳት ሸክሙ ወደ ተከሳሽ ዞረ ማለት አይደለም። ተከሳሽ ንጹሕነቱን ማረጋገጥ የለበትም፤ ምክንያታዊ ጥርጣሬ መፍጠር ይበቃዋል። ውሳኔው የመከላከያ ምስክሮችን ቃል በአንድ መስመር «ተከሳሽን ለመርዳት የመጡ ናቸው» ብሎ ካለፈው፣ ዝምድና ብቻውን ቃልን ለመጣል እንደማይበቃና የተበዳይዋ ዘመዶች ግን በተመሳሳይ ዝምድና እንደታመኑ ያሳዩ። በልምዴ ይግባኝ ሰሚ ዳኞች ትኩረት የሚሰጡት ለዚህ ዓይነቱ ሚዛን መዛነፍ ነው።

ማመልከቻውን መጻፍ

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ሦስት ወይም አራት ምክንያት፣ ከጠንካራው ጀምሮ፣ እያንዳንዱ በገጽ ቁጥር የተደገፈ። ፍርድ ቤቱ መልስ ሰጭውን ከመጥራቱ በፊት ይግባኙ ያስቀርባል ወይስ አያስቀርብም ብሎ ስለሚመረምር፣ የመጀመሪያው ገጽ የጉዳዩን ዕድል ሊወስን ይችላል። አንድ ምክንያት እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«1ኛ/ የሥር ፍርድ ቤት የ1ኛ ዐቃቤ ሕግ ምስክርን ቃል የተቀበለበትን ምክንያት ሳይገልጽ ጥፋተኛ ማለቱ ከወ/መ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 149(1) ጋር የሚቃረን ስለመሆኑ። ምስክሯ ለፖሊስ በሰጠችው ቃል (ገጽ 6) ድርጊቱ የተፈጸመው ከፋሲካ በፊት፣ በሌሊት፣ በመኖሪያ ቤት ጓሮ ነው ስትል፣ በችሎት (ገጽ 31) በክረምት፣ በቀን፣ በእርሻ ቦታ መሆኑን መስክራለች። ይህ ልዩነት ድርጊቱ መቼና የት ተፈጸመ ከሚለው መሠረታዊ ጭብጥ ጋር የተያያዘ ሆኖ ሳለ፣ በማጠቃለያ ንግግርም (ገጽ 52) በግልጽ ተነሥቶ እያለ፣ የሥር ፍርድ ቤት ምስክሯ በዝርዝር አስረድታለች ከማለት በቀር ስለ ልዩነቱ አንዳች ሳይል አልፎታል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ መዘግየትም የደጋፊ ማስረጃ አለመኖርም በስም አልተጠሩም፤ ሁለቱም ግን ጀርባውን ደግፈው ቆመዋል። በመጨረሻ የሚጠየቀው ዳኝነት በግልጽ ይጻፍ፦ የጥፋተኝነትና የቅጣት ውሳኔው ተሽሮ በነጻ እንዲሰናበት፤ ይህ ከታለፈ ድርጊቱ በተረጋገጠው መጠን በሌላ ቀላል ድንጋጌ ሥር እንዲታይ ወይም ቅጣቱ በቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 መሠረት ተሰልቶ እንዲቀነስ። በክርክሩ ወቅት ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ግን በአንቀጽ 185 መሠረት ይግባኝ ሊል የሚችለው በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው።

በችሎት

ይግባኝ ባይ አስቀድሞ ይናገራል፣ መልስ ሰጭው ይመልሳል፣ ይግባኝ ባይ የመልስ መልስ ይሰጣል። ጽሑፉን ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው። አንዱን ጠንካራ ነጥብ ይዞ፣ ገጹን ጠርቶ፣ ዳኞቹ ራሳቸው ገልጠው እንዲያዩት ማድረግ ይሻላል። «ታዲያ ለምን ትዋሻለች?» የሚል ጥያቄ ከተነሣ፣ ይግባኝ ባዩ የሌላን ሰው ልብ የማስረዳት ግዴታ እንደሌለበት በአክብሮት ገልጾ ወደ መዝገቡ መመለስ ይበቃል። ውሳኔው ከተሻረ የመፍቻ ትዕዛዙ ለማረሚያ ቤቱ መላኩን በዚያው ቀን ይከታተሉ፤ ታራሚው ያለው ከባሕር ዳር ውጭ ከሆነ ትዕዛዙ በሰው እጅ እንዲሄድ መጠየቅ ቀናትን ያተርፋል።

ፈጽሞ መደረግ የሌለበት

ሽማግሌ ወደ ተበዳይዋ ቤት አይላክ። በእኛ አገር ዕርቅ የተከበረ ነገር ነው፤ ይህ ወንጀል ግን በዕርቅ የሚቀር አይደለም፤ «ይቅር ብያለሁ» የሚል ወረቀትም ፍርድን አይሽርም። ከዚያ ይልቅ ምስክርን ማባበል ወይም ማስፈራራት ተብሎ አዲስ ክስ ያስከትላል፤ ምስክሮችን የሚጠብቅ ልዩ ሕግም፣ አዋጅ ቁጥር 699/2003፣ አለ። ስሟን፣ ፎቶዋን ወይም ቃሏን በፌስቡክና በቴሌግራም ማሰራጨትም እንዲሁ። የቀድሞ የፍቅር ሕይወቷ ማመልከቻው ውስጥ ቦታ የለውም። አንዲት ሴት በእርግጥ ቃሏን ለመለወጥ ከፈለገች መንገዱ በራሷ ፈቃድ ለዐቃቤ ሕግ ወይም ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው፤ የታራሚው ቤተሰብ በዚህ ውስጥ እጁ ሊገኝ አይገባም።

ሰበር

ይግባኝ ሰሚው ውሳኔውን ካጸናው የሚቀረው የሰበር አቤቱታ፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስህተት እንዲታረም የሚቀርብ አቤቱታ፣ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በክልል ጉዳይ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ባለበት የመጨረሻ ውሳኔ ላይ የሰበር ሥልጣን አላቸው። ሰበር ማስረጃን እንደገና አይመዝንም፤ «ምስክሯ ልትታመን አይገባም ነበር» የሚል አቤቱታ በዚያ በር አይገባም። የማስረዳት ሸክምን ወደ ተከሳሽ ማዞር፣ ፍርድን ያለ ምክንያት መስጠት፣ በመዝገብ ያለን የመከላከያ ማስረጃ ጨርሶ አለመመልከት፣ ለፖሊስ የተሰጠን ቃል ለመፈተኛ መጠቀምን መከልከል ግን የሕግ ጥያቄዎች ናቸው። ስለዚህ በይግባኙ ደረጃ እነዚህ ነጥቦች በሕግ ቋንቋ ተለይተው ካልተነሡ በሰበር ላይ ለማንሣት ይከብዳል። ለፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚቀርበው አቤቱታ የመጨረሻው ውሳኔ በተሰጠ በ90 ቀን ውስጥ መግባት ሲኖርበት፣ የሥር ፍርድ ቤቱ፣ የይግባኝ ሰሚውና የክልሉ ሰበር ውሳኔዎች ግልባጭ፣ ሁሉም የተረጋገጡ፣ ተያይዘው መቅረብ አለባቸው።